ከማይነስ አንድ እስከ ማይነስ ሦስት

እናቴን ከሥራ ያስባረርኳት እኔ ነኝ ብዬ አራት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ፤ ከአሥር ዓመቴ እስከ አሥራ አራት። በእነዚያ ዓመታት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ደግሞ የኖርኩት ተናድጄ ነው። «ይሄ ሁሉ ጊዜ አልፎ አሁንም አልበረደልሽም?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልበረደልኝም።

እናቴ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ከየሰፈሩ ቧንቧ ውሃ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ትመረምራለች፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንዳለ ጽፋ ታስረክባለች። የነጭ ጋዋኗ ቀኝ ኪስ ታጥቦ ታጥቦ ያልለቀቀ ሐምራዊ ነጠብጣብ ነበረው። ጣቶቿ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። አባቴን አላውቀውም፤ ቤቱ የሁለታችን ነበር። ከሥራ ስትመለስ እሷ እራት ትሠራለች፣ እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን እዘረጋለሁ።

«ከፀሐይ እስከ ምድር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለችኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች።

«መቶ ሃምሳ ሚሊዮን። አስተማሪያችን ነግሮናል።»

«እስቲ ጻፊው።»

ጻፍኩ። ዜሮዎቹን ስቆጥር አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሆኑብኝ።

«አየሽ? ዓይን ዜሮ መቁጠር ይሰለቸዋል። የሰለቸው ዓይን ደግሞ አንዷን ይዘላል። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ዜሮ ተዘለለች ማለት የተበከለው ውሃ ንጹሕ ነው ተብሎ አለፈ ማለት ነው።» እጇን በጋዋኗ ጠረገችና ከእጄ ተቀብላ 1.5 × 10⁸ ብላ ጻፈች። «ነጥቡን ከመጀመሪያዋ ቁጥር አጠገብ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ነጥቡ ስንት ቤት እንደተጓዘ ቆጥረሽ አሥሩ ትከሻ ላይ ትሰቅይዋለሽ። ይቺ የተሰቀለችዋ አርቢ ትባላለች። ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት፤ የቤቱ አዛዥ እሷ ናት።»

ትልቁን ከጨረስን በኋላ ወደ ትንሹ ወረድን። ከራሴ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለች፤ ጮህኩ። ውፍረቱ 0.00007 ሜትር ነው አለችኝና 7 × 10⁻⁵ ብዬ እንድጽፍ አደረገች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ማይነስ ሦስትና ማይነስ አንድ ጽፋ የቱ ይበልጣል ስትለኝ፣ ሳላስብ ማይነስ ሦስት አልኩ።

«ለምን?»

«ሦስት ከአንድ ይበልጣላ!»

ሳቀች። «ማይነስ ሲሆን ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ደረጃ አድርገሽ አስቢው። ማይነስ አንድ አንድ ደረጃ መውረድ ነው። ማይነስ ሦስት ሦስት ደረጃ። አንድ ደረጃ በወረድሽ ቁጥር ነገሩ በአሥር እጥፍ ያንሳል። ከማይነስ አንድ እስከ ማይነስ ሦስት ስንት ደረጃ ነው?»

«ሁለት።»

«አሥር በአሥር ሲባዛስ?»

«መቶ!»

«በቃ። መቶ እጥፍ ይለያያሉ።»

ዛሬ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን ይህ ነገር ግራ ሲያጋባቸው በዚያው በደረጃው ነው የማስረዳቸው።

በሌላ ቀን እናቴ ከወትሮው ዘግይታ ገባች። ጋዋኗን ሳታወልቅ ወንበር ሳበችና በደብተሬ ጠርዝ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጻፈችልኝ፤ 2.4 × 10⁻¹ እና 1 × 10⁻²፣ ሁለቱም ሚሊግራም በሊትር። «የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዪልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ፊት ለፊት ያሉትን አካፈልኩ፣ ሁለት ነጥብ አራት። አርቢዎቹን ቀነስኩ፣ ማይነስ አንድ ሲቀነስ ማይነስ ሁለት፣ አንድ። «ሃያ አራት!»

ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገችና «እኔም አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ ያገኘሁት እሱኑ ነው» አለች። አኮረፍኩ። ትክክል መሥራቴ ያናደዳት መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች። ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ ድምቡሼ ነበር የሚላት፤ እጅ እግሯ ተነፍቶ የታሰረ ይመስል ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ እንድገባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገባሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም።

«እትዬ፣ ድምቡሼን ከአዲሱ ጉድጓድ የሚመጣውን ውሃ እንዳታጠጫት» አለች እናቴ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«የሰፈሩንም የትምህርት ቤቱንም ቧንቧ አየሁት። እርሳስ አለበት። ከሚፈቀደው ሃያ አራት እጥፍ። የልጅ ጭንቅላት ይጎዳል። ሪፖርቱን ነገ ነው የማስገባው፤ አንቺ ግን ከአሁኑ እወቂው።»

«ኧረ በስመ አብ! ማን ጨመረው?»

«ማን እንደጨመረው ይጣራል።»

እርሳስ የሚባል ብረት በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው እርሳስ አንድ ነው፤ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው። እና ከአሥር ቀን በፊት ጓደኞቼ አትችይም ብለውኝ የትምህርት ቤቱ ታንከር ላይ ወጥቼ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሞላ ለማየት በክዳኑ ቀዳዳ እርሳሴን ስሰድ አምልጦኝ ነበር። ጠብ ሲል ሰምቼዋለሁ።

አላመንኩም፤ ማስላት ነበረብኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ባለ ሱቁን «አሥር እርሳስ ስንት ይመዝናል?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ሥራ ፈትቶ ነበር መሰለኝ ሚዛኑ ላይ ደርድሮ አሳየኝ፤ ሃምሳ ግራም። አንዱ አምስት ግራም ማለት ነው። ታንከሩ ሆዱ ላይ 5000 ሊትር የሚል በቀለም ተጽፎበታል፤ 5 × 10³። አምስትን ለአምስት አንድ፣ አርቢው ማይነስ ሦስት። 1 × 10⁻³ ግራም በአንድ ሊትር ውሃ። ወደ ሚሊግራም ስለውጠው ልክ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። እናቴ ከጻፈችው ከሚፈቀደው መጠን፣ ከ1 × 10⁻²፣ መቶ እጥፍ።

እናቴ ሃያ አራት እጥፍ ነው ያገኘችው። እሱንም አሰብኩበት። እርሳሴ ገና ሙሉ በሙሉ አልሟሟም፤ ሩቡ ብቻ ነው የሟሟው። ነገ ከነገ ወዲያ የባሰ ይሆናል።

ሒሳቡ እንከን አልነበረበትም። ዛሬ ደግሜ ብሠራው ያው ነው የሚመጣው። የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ግን አንዲት ቅንጣት እንኳ እርሳስ የተባለው ብረት የለም፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር የከሰል ዘመድ ነው፣ ቢውጡት እንኳ አይመርዝም። መርዙ የመጣው ከጉድጓዱ ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ከሚያቀልጡበት ግቢ ነው። ይህን ግን ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ማታ ማታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ በአካፋይና በተካፋይ ራሷን ትከስሳለች።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቤታችን መጣ። እናቴ ሪፖርቱን ካስገባች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ያን ቀን ለምሳ ገብታ ልትመለስ ስትል ነው በር ላይ ያገኛት። ረጋ ያለ ድምፅ ነበረው፣ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ሽቶው ከእሱ በኋላ ነው ክፍሉ ውስጥ የገባው። እኔን «ጎበዟ» ብሎ ራሴን ዳሰሰኝ። ወደድኩት።

«እህቴ፣ እኔና አንቺ ስንት ዓመት አብረን ሠራን?»

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር አስቸግሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ሪፖርትሽ ላይ ከአሥሩ በላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር እስቲ ደግመሽ እያት። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። ማይነስ ሦስት ልትሆን የምትችል ቁጥር ማይነስ አንድ ሆና ተጽፋ ይሆናል።»

«አራት ጊዜ አይቻታለሁ።»

«አምስተኛ እያት።»

«መቶ ጊዜም ባያት ያው ናት። ሕፃናት እየጠጡት ነው እኮ! ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይዘጋ።»

«ጉድጓዱ ከተመረቀ ገና ስድስት ወሩ ነው። ያን ሁሉ እንግዳ ጠርቼ ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ምን ብዬ ልዝጋው?»

«እርሳስ አለበት ብለው።»

እናቴ ሻይ እንኳ አላቀረበችለትም። ቆማ ነበር የምታናግረው። አፈርኩባት። እንግዳ ተቀምጦ፣ ያውም አለቃዋ፣ እሱ እየለመናት እሷ ትጮህበታለች። ስለ እኔ እርሳስ ስትል ከደግ ሰው ጋር የተጣላች መሰለኝ።

መሐል ላይ ልብስ ሰፊዋ ከውጭ ተጣራችና እናቴ ወጣች። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ተጠጋሁት።

«ጋሼ፣ እማዬን አይቆጧት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የኔ። እርሳሱ ከእጄ አምልጦ ነው የወደቀብኝ። ትምህርት ቤት፣ ታንከሩ ውስጥ።»

ፊቱ ሊስቅ ተሰናዳ። ጥርሱ ሁሉ ታይቶ ነበር። ከዚያ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተገጠመ፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ያኔ ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያቺን ቅጽበት ሳስባት ጥርሴን ነው የማፋጨው። ያ ሰው የተማረ ሰው ነው፤ ስለ የትኛው እርሳስ እንደማወራ ከማንም በላይ ገብቶታል። ሊስቅ የነበረውም ስለገባው ነው። አንዲት ቃል ብቻ፣ «የኔ ልጅ፣ ያ ሌላ ነው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ!

እሱ ግን ከቦርሳው ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «በጽሑፍ ብትሰጪኝ እናትሽን ማንም አይነካትም። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ!»

እኔ «እርሳሱ ወደቀብኝ» ብዬ ልጀምር ስል እጄን ያዘኝ። «ወደቀብኝ አትበዪ። ጨመርኩ በዪ። ትልቅ ሰው የሚገባው እንደሱ ሲባል ነው።»

«ታንከሩንስ ልጻፈው?»

«እሱ ይታወቃል፤ አያስፈልግም። እናትሽ ስትጨምሪ አይታሻለች?»

«ኧረ አላየችኝም።»

«እንግዲያው እሷ እንዳትወቀስ እሱንም ጻፊው።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እርሳሱን ውሃው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላየችኝም።» ስሜንና ክፍሌን ከሥር አደረግኩ። ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ነበረኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና «ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ድንገት ደስ ይበላት» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ምስጢር ይዤ በደስታ ፈነደቅኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ግጥም አለ። ወሬው በሰፈሩ ስለተናፈሰ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነበር ነዋሪውን የጠራው። እናቴ ፊት ረድፍ ላይ ጋዋኗን ለብሳ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ነበርኩ፤ ድምቡሼ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እሱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 2.4 × 10⁻³ ብሎ በትልቁ ጻፈ።

«ውሃው ዳግም ተመርምሮ የተገኘው ይህ ነው። ከሚፈቀደው በታች ነው። አንዲት ባልደረባችን ማይነስ አንድ ብላ ጽፋ ስለነበር ነው ሰው የተደናገጠው።»

አንድ ጡረተኛ ሹፌር እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ እኛ አልተማርንም። በማይነስ አንድና በማይነስ ሦስት መሐል ልዩነቱ ስንት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ሁለት ጣቱን አሳየ። «ሁለት ነዋ፣ አባቴ። ከሦስት ላይ አንድ ሲቀነስ ስንት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። «ለሁለት ቁጥር ነው ይሄ ሁሉ ግርግር?» አለ አንዱ።

እኔ መልሱን አውቀው ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእናቴና ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መቶ እጥፍ። አፌ ላይ ነበር። ግን ሰውየው እናቴን ለማዳን ብሎ ቁጥሯን ዝቅ ያደረገላት መሰለኝና ዝም አልኩ።

እናቴ ተነሳች። «ሁለት አይደለም! መቶ እጥፍ ነው!» ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጠመኔውን አነሳች፤ ከላይ 0.24፣ ከሥሩ 0.0024 ብላ ጻፈች። «ነጥቡን ተመልከቱ። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ቁጠሩ። ይሄኛው ንጹሕ ነው፣ ይሄኛው ልጆቻችሁን ይመርዛል። እኔ ያገኘሁት የላይኛውን ነው።»

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሹፌሩ መነጽሩን አድርጎ አንገቱን አሰገገ። ልብስ ሰፊዋ ድምቡሼን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። አምነዋት ነበር፤ ትንሽ ቢቀር ነው።

በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ደረት ኪሱ ገባ። ወረቀቴን ዘረጋና እያንዳንዷን ቃል እየረገጠ አነበባት። «‹እርሳሱን ውሃው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላየችኝም።› ይሄ የባለሙያዋ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው። እህታችን የናሙና ጠርሙሶቹን ቤቷ እየወሰደች ልጅ ትጫወትባቸዋለች ማለት ነው። ቁጥሩ የተበላሸው እዚያ ነው። ልጅቷ እዚሁ አለች፤ ትነሳና ትጠየቅ።»

እኔ ተነሳሁ። የምመሰገን መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

እናቴ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አነበበች። አንዴ ብቻ። ቀጥላ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ፈልጋ አየችኝ። ጠመኔውን አስቀመጠች። «ልጄን ማንም አይጠይቃትም» አለች። መጥታ እጄን ይዛ ወጣች። ከኋላችን አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ አልገባኝም።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። «በናሙና አያያዝ ጉድለት» ይላል። የላቦራቶሪ መዝገቧንም አስቀሩባት። እናቴ ለሳምንታት በየበሩ እየዞረች ውሃውን አትጠጡ አለች። «ስለተባረረች ነው» ተባለች። ሕፃናቱ ሲያዩዋት ጣታቸውን እያሳዩ «ማይነስ አንድ!» ይሏት ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንኳ «እኔስ በልጅሽ ጽሑፍ ነው የተረጋጋሁት» አለቻትና ከሰፈሩ ቧንቧ መቅዳት ቀጠለች። እኛ ከማዶ ሰፈር እናመላልስ ነበር። ጀሪካኑ እጄን ሲቆርጠኝ ቅጣቴ ነው ብዬ ዝም እላለሁ። እናቴ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አላነሳችብኝ፤ እኔም ጠልታኝ ነው አልኩ።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን እርሳስ ይዞ ገባና «ይሄ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ እርሳስ የለበትም» አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን ሳልይዝ ሮጥኩ። እናቴ ግቢ ውስጥ አንሶላ እየጨመቀች ነበር።

«እማዬ፣ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም!»

ቀና አላለችም። «የለም።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ወረቀቱን እንዳየሁት። ‹ጨመርኩ› የሚለው ያንቺ ቃል አይደለም። አንቺ ‹ወደቀብኝ› ነው የምትዪው፤ ሳህን ስትሰብሪ እንኳ ‹ተሰበረብኝ› ነው የምትዪው።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገርሽም?!»

«ብናገር ሊጠይቁሽ ነው። እሱ እያጣመመ ሊያናግርሽ፣ ያ ሁሉ ሰው ባንቺ ሊስቅ። አልቻልኩም።» አንሶላውን ገመዱ ላይ አሰጣችና እጇ እዚያው ቀረ። «አሁን ሳስበው ጠመኔውን ማስቀመጥ አልነበረብኝም። ልጄን አዳንኩ ብዬ የሰው ልጆች…»

ያን ቀን በእሷም ተናደድኩ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እሷም የመሰላት ሌላ ነበር፤ ጉዳዩን የረሳሁት መስሏት ላለመቀስቀስ ነው ዝም ያለችው። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ሁለታችንም ተሳስተን ኖርን፤ ያሳሳተን ሰው ደግሞ በዚያው ዓመት ሹመት አገኘ።

በዚያው በአሥራ አራት ዓመቴ ነው ከሌላ ከተማ የመጡ ሐኪሞች የሰፈራችንን ልጆች ደም የመረመሩት። ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ውሃውም ተመረመረ፤ 2.6 × 10⁻¹። ጉድጓዱ በአንድ ቀን ተዘጋ። የእናቴን ስም ያነሳ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ደጃችን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እናቴ ውሃ አቀረበችላት፤ የማዶውን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ አስኪያጁን ጡረታ ወጥቶ አገኘሁት። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ማንነቴን ስነግረው ጥቂት አሰበና «ያኔ እኮ ሕፃን ነበርሽ፤ ነገሩን አጋንነሽ ይዘሽዋል» አለኝ። ብዙ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። «እርስዎ ሕፃን አልነበሩም» ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ድምቡሼ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ትሠራለች፤ ተኩሳ የምታወጣው ልብስ መጨማደድ አያውቅም። ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ማንበብ ግን አልሆነላትም። ሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባ ጨርቁ ጋ እስክትደርስ ይጠፋባታል፤ እናቷ ናት የምትለካላት። ባለፈው ወር በጉድጓዱ ለተጎዱት ሕክምናና እገዛ ይሰጣል ተብሎ ነበርና እኔው ማመልከቻ ጻፍኩላት። መልሱ በፖስታ መጣ። ይዛው እኛ ቤት መጣች። «አንብቢልኝ እስቲ» አለችኝ።

አነበብኩላት። በተባለው ጊዜ በተደረገው ምርመራ በውሃው ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን 2.4 × 10⁻³ ሚሊግራም በሊትር በመሆኑና ይህም ከሚፈቀደው በታች በመሆኑ፣ ጥያቄዎን ለመቀበል እንቸገራለን።

«ምን ማለት ነው?»

«አልተጎዳሽም ማለት ነው።»

«እኔ?» አለች ድምቡሼ። ወደ እናቴ ዞረች። «እውነት ነው?»

እናቴ ሰባኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ደብዳቤውን ተቀብላ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ትንሿን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ውሸት ነው» አለች።

«ውሸት ከሆነ ለምን እስካሁን ቆየ?»

ይግባኙን ያንኑ ከሰዓት ጻፍኩ። ያኔ የተመረመረውን፣ ከአራት ዓመት በኋላ የተመረመረውን፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ምስክር በሚለው ሥር እናቴ ብዕሩን ተቀበለችኝና ስሟን ጻፈች። ጨርሳለች ብዬ ወረቀቱን ልስብ ስል እጄን መታ አደረገችኝ። ከስሟ ሥር ቀስ ብላ፣ ፊደሎቹን እያስተካከለች፣ ሠላሳ ዓመት ያልጻፈችውን ጨመረች፤ «ውሃውን የመረመርኩት የላቦራቶሪ ባለሙያ»።

ሰኞ ጠዋት አራታችንም፣ ልብስ ሰፊዋ ጭምር፣ ይዘነው ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለሱ አለን። ማክሰኞም ሄድን። የሉም ተባልን። ነገ ረቡዕ ነው፤ እናቴ ጫማዋን አስወልውላ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች።